ለአባባ፣ ከአራኩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ እንዴት ነዎት? ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄን የምታነብልዎ እትዬ ናት። እትዬ፣ ወደ መጨረሻው ስለ አንቺ የተጻፈ ነገር አለ፣ እንዳትዘዪው!

ባለፈው ስልክ ላይ «ያለህበትን አገር ማን ነው የሚያስተዳድረው? ወረዳ አላቸው ወይ?» እንዳሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሌላ ሰው ስለ ምግቡ ይጠይቃል፣ እርስዎ ግን የቀበሌ መሬት ኮሚቴ ሆነው ስንት ዘመን ስለደከሙ የሚቀድምብዎ ይሄ ነው። እንግዲህ ልመልስ።

ዩኒቨርሲቲው ያለው ቪሳካፓትናም ነው፣ አንድራ ፕራዴሽ የሚባለው ክልል ውስጥ ያለ የባሕር ዳርቻ ከተማ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጥናቴን የምሠራው ግን ተራራው ላይ፣ አራኩ ሸለቆ በሚባል ማንዳል (የእነሱ ወረዳ ይበሉት) ነው። ጠዋት ባቡር አለ፣ ከ50 በላይ ዋሻ እያቋረጠ ሽቅብ ይወጣል። ከላይ ሲደርሱ አየሩ የእኛን ደጋ ይመስላል፣ ጋቢ ያስመኛል።

ማንዳል ከእኛ ወረዳ አነስ ይላል፣ ከቀበሌ ግን በብዙ ይሰፋል። ድሮ ታሉክ የሚሉት ሰፊ ግዛት ነበራቸው፣ ገበሬው ለአንዲት ወረቀት ሩቅ አገር ይንከራተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ራማ ራኦ የሚባሉት ርዕሰ መስተዳድር (የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ፣ አይገርምም?) ታሉኩን አፍርሰው ማንዳል አደረጉት። የመሬቱና የምስክር ወረቀቱ ኃላፊ ተህሲልዳር ይባላል፣ ልማቱን የሚይዝ ሌላ ሹም አለ፣ ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤትም አለ። ለአራኩ ሰው የከፋው ከማንዳል በላይ ያለው ነበር። የዲስትሪክቱ ከተማ ያው ቪሳካፓትናም ስለነበረ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መውረድ ነበረበት። በ2022 ግን አዲስ ዲስትሪክት ተቋቁሞ መቀመጫው ፓዴሩ ሆነ፣ እዚያው ተራራው ላይ። ስሙን ያወጡለት በአሉሪ ሲታራማ ራጁ ነው፣ ከ1922 እስከ 1924 የተራራውን ሕዝብ አስነስቶ እንግሊዝን የወጋ፣ በመጨረሻም የገደሉት ሰው ነው። እርስዎ የበላይ ዘለቀን ነገር ከጀመሩ እንደማይጨርሱት ሁሉ እነሱም የእሱን ከጀመሩ አያቆሙም።

አሁን ወደሚያስቅዎ ልምጣ። ክረምታቸው ካለፈ በኋላ ማሳው ሁሉ ቢጫ ይሆናል። ጠጋ ብዬ ሳየው ኑግ ነው! የእኛው ኑግ! የከተማው ሰው በመኪና እየመጣ መሀሉ ገብቶ ፎቶ ይነሳል፣ ለዚያም ሳንቲም የሚቀበሉ ገበሬዎች አሉ። ኑግ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል ብልዎ መቼም አያምኑኝም። ዳጉሳም አላቸው፣ ጠዋት ጠዋት አምባሊ የሚባል ቀጭን አጥሚት እያደረጉ ይጠጡታል። ቡናቸውም አረቢካ ነው፣ ረጃጅም ዛፍ ሥር ተክለው በዛፉ ግንድ ላይ ቁንዶ በርበሬ ያስወጡበታል፣ ስለዚህ ከአንድ መሬት ሁለት ነገር ይለቅማሉ። ይሄን ዘዴ እርስዎም ይወዱታል ብዬ አስቤያለሁ። አፈላሉን ግን ተዉት። ወተትና ስኳር ሞልተው በትንሽ ኩባያ ይሰጡሃል፣ አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ ጠጥተህ መሄድ ነው።

መሬቱስ ይሉኛል። እዚህ የተራራው ተወላጅ መሬቱን ተወላጅ ላልሆነ ሰው መሸጥም ማዛወርም አይችልም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ ደንብ ተከልክሏል። «መሬት ከተሸጠ ገበሬው አለቀለት» የሚሉት እርስዎ ቢሰሙ ደስ ይልዎታል። ግን አባባ፣ በወረቀት ማለቴ ነው። በተወላጅ ስም አስይዞ ከኋላ ሆኖ መብላት ያረጀ ብልሃት ነው፣ ቱሪስት በበዛ ቁጥር ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። ሕግ ኖሮ ጠያቂ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

አንድ ቀን ተህሲልዳሩ ቢሮ ግቢ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ከጎኔ ተቀመጠች። አፍንጫዋ ላይ የወርቅ ቀለበቶች አሉ፣ ጉልበቷ ላይ ፌስታል ይዛለች። ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። አብሮኝ የሚሄደው ተማሪ ጠየቀልኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የደን መብት ሕግ የተሰጣት የይዞታ ወረቀት ነው። ሕጉ የባልና ሚስት ስም አብሮ ይጻፍ ስለሚል የእሷም ስም አለበት። ባሏ ሞቷል፣ ወንድሞቹ መሬቱን ለእኛ ልቀቂ ብለዋታል። ማንበብ አትችልም፣ ግን ስሟ የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች፣ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ታሳያለች።

ያን ቀን እትዬን ነው ያሰብኳት። የእኛ ደብተር ላይ የእርስዎና የእማዬ ፎቶ አለ፣ ነፍሷን ይማር። ከእርስዎ በኋላስ? እኔ እዚህ መጽሐፍ እገልጣለሁ፣ ታናሼ አዲስ አበባ ባጃጅ ይነዳል፣ ማሳው ላይ የምትውለው፣ ኑጉን የምታጭደው፣ እርስዎን የምታስታምመው እሷ ናት። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ልጅ የሰው ናት» ሲል እርስዎም ዝም ይላሉ፣ አይቼዎታለሁ። ዝም አይበሉ እንጂ አባባ። በእርስዎ አፍ የተነገረውን ማን ይሽረዋል?

ስለዚህ የእኔን ድርሻ ለእሷ ያድርጉልኝ። ከልቤ ነው የምለው፣ እሷም አላስጻፈችኝም። ከክረምቱ በፊት ወረዳ መሬት ቢሮ ይሂዱና በስሟ ስጦታውን ያስመዝግቡ። ከእኔ የሚፈለግ ፊርማ ካለ ኒው ዴልሂ ኤምባሲያችን ሄጄ ውክልና አሠራለሁ። ታናሼ ቢያኮርፍ ለእኔ ይተዉት፣ እኔ አናግረዋለሁ።

እትዬ፣ እያለቀስሽ ከሆነ ተይ፣ ያነበብሽውን ድገሚላቸው፣ አልሰማሁም እንዳይሉ። የዓይናቸውንም ቀጠሮ አታሳልፊ፣ «አዝመራው ይግባና» ቢሉሽ አትስሚያቸው።

ልጅዎ