የስድስት ብሩ ደረሰኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል። ደሴ እንደምታውቂው ነው፣ ጠዋት ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም ቶሎ እናደዳለሁ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ።

ነገሩ የአጎትሽ ነው። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፋችሁትን ሁሉንም አነበብኩት። ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ነበር የጀመራችሁት። ጥሩ ክርክር ነበር፣ እውነቴን ነው። አንቺ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን በደንብ አንብበሻል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ጭማሪው በተቆጣጣሪው አካል እንዲወሰን ማለቱን በትክክል አስቀምጠሽዋል። እሱም ዝም ብሎ አልተቃወመሽም። ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ዋጋቸው ሳይወሰን የእኔ ኪራይ ብቻ ለምን ይወሰናል አለሽ። ይህ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው። አልመለስሽለትም።

ከዚያ ይልቅ ምን ጻፍሽ? «ሃምሳ አምስት ቀን እየጾምክ ተከራይ ላይ ኪራይ የምትጨምር» አልሽው። እሱ ምንም ሳይመልስ ከግሩፑ ወጣ። አንቺም ብሎክ አደረግሽው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችሁ ነው።

ልጄ፣ አዋጁን በመደገፍሽ አይደለም የከፋኝ። እኔም ከሞላ ጎደል ከአንቺ ጋር ነኝ። የከፋኝ ጾሙን ማንሳትሽ ነው። የሰውየው ጾም ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ነው። አንቺ ልታረጋግጪው አትችዪም፣ እሱም ለአንቺ ሊያስረዳው አይገባም። ኪራይ ግን የሁላችን ጉዳይ ነው። ልንቆጥረው፣ ልንለካው፣ ተሳስተን ከሆነም ልናስተካክለው እንችላለን። ሁለቱን ስታቀላቅያቸው ኪራዩም ሳይፈታ ይቀራል፣ ሰውየውም ይቆስላል።

እኛ እዚህ ስለምንኖር ይሄ ነገር ከመጽሐፍ የተቀዳ አይሆንብንም። ቦሩ ሜዳ ከቤታችን ብዙ አይርቅም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚያ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። የተዋሕዶ ሊቃውንትና «ጸጋ» የሚባለው የቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ወገን ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ልደት ተከራከሩ። በእውቀት ካየሽው እነዚያ ሰዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ መጽሐፍ ጠቅሰው፣ ቃል መርምረው ነው የሚሟገቱት። ችግሩ ክርክሩ ሲያልቅ ነው የመጣው። ውሳኔው የንጉሥ ትእዛዝ ሆነ። የተሸነፈው ወገን እምነቱን እንዲተው ተገደደ። በክርክሩ ያልነበሩት የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ቀነ ገደብ ተቆረጠላቸው። ከወሎ ገዢዎች አንዱ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁና ራስ ሚካኤል ተባሉ። የሃይማኖት መሪው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ተነሡ። ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረ ሰው ብዙ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያወሩ ነበር። በጉልበት የማንም ልብ አልተለወጠም። ይኸው እስከ ዛሬ የእኔ አያት ቤት መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድም አለ፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ ተሸክሞ ይቀብራል።

የሚገርመው እኚያው ራስ ሚካኤል፣ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ደሴ ላይ ትልቅ የግብር አዳራሽ ሠሩ። ስሙን አይጠየፍ አሉት። ልጅ ሆነሽ ወስጄሽ ነበር፣ ታስታውሺ እንደሆነ እንጃ። ስሙን በገባኝ መንገድ እተረጉመዋለሁ፤ ማንም ሰው ሳይጸየፉት የሚገባበት ቤት ማለት ነው።

ከዚህ ጋር ሌላውን አስተያዪው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ጥያቄያቸው ማን በትክክል ያምናል የሚል አልነበረም። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። በዓላችን በአገር ደረጃ ይከበር፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ አሉ። ይህን ለመደገፍ እምነት መቀየር አያስፈልግም። ደግሞ መልስ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በዓሎቻቸው የአገር በዓል ሆኑ። ሃይማኖት ወደ አደባባይ አይምጣ እያልኩሽ አይደለም። ሲመጣ ለሁላችን የሚሆን ጥያቄ ይዞ ይምጣ ነው የምለው።

አሁን ወደ ኪራዩ ልመለስ። ዋናው እሱ ነው፣ ከዚህ በፊትም ነግሬሽ የማላውቀው ነገር አለ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጥ ነበር። በአንድ ክፍል ቤት አራት ሆነን ነበር የምንኖረው። ኪራዩ በወር 12 ብር ነው። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እናቴ ድምፅ አታሰማም ነበር፤ ዝም ማለቷን አይተን ቀኑን እናውቅ ነበር። ከአዋጁ በኋላ ቤቱ የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ በግማሽ ተቀነሰና 6 ብር ገባ። በቀጣዩ መስከረም ጫማ አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እናቴ የመጀመሪያውን የስድስት ብር ደረሰኝ መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው። እስከምትሞት ከዚያ አላወጣችውም።

እኔ ይህን አዋጅ እንዴት ልጠላ እችላለሁ? አልችልም።

በዚያው ቀን፣ በዚችው ከተማ፣ የእናትሽ አባት ሦስት ቤት ነበራቸው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ አሰብና አዲስ አበባ ሲመላለሱ የኖሩ። ሃያ ዓመት ነድተው ነው እነዚያን ቤቶች አንድ በአንድ የሠሩት። ጡረታ የላቸውም። ቤቶቹ ናቸው ጡረታቸው። በአዋጁ የሚኖሩበት አንዱ ቀረላቸው፣ ሁለቱ ተወሰዱ። ተወሰዱ ብቻ አይደለም፣ «ትርፍ» ተባሉ። የተረፈ፣ ያለ ሥራ የተቀመጠ እንደማለት። እሳቸውን ያንገበገባቸው ከቤቱ ይልቅ ይሄ ቃል ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ልጃቸውን ያገባሁት። ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ማዕዳቸው ላይ ተቀምጬ፣ ያ አዋጅ ባይወጣ ኖሮ እኔ ሳልማር እቀር ነበር አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። እሳቸው በልተው ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡና «ና ተከተለኝ» አሉኝ። ሁለት መንደር አሻግረው አንድ የቀበሌ ቤት አሳዩኝ። ጣሪያው በአንድ በኩል ወርዷል፣ ግድግዳው ተቦርቡሯል። «ይህን ቆርቆሮ የመታሁት በእጄ ነው» አሉኝ። «አሁን ላድሰው ብል አይፈቀድልኝም። የሚኖርበትም አያድሰው፣ የእሱ አይደለም። ቀበሌውም አያድሰው፣ ስድስት ብር ምን ይሠራል?»

ምንም የምመልሰው አጣሁ። ተሳስተሃል አላሉኝም። የቆሙበትን ቦታ ነው ያሳዩኝ። ተመልሰን ስንመጣ መንገድ ላይ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ እንጀራው፣ ስለ 12 ብሩ፣ ስለ ወር መጨረሻው ዝምታ ነገርኳቸው። ብዙ ሄደን «እኔም አከራይ ነበርኩ፤ ተከራዮቼ ወር ሲደርስ ዝም ይሉ እንደሆነ አንድም ቀን አላየሁም» አሉኝ።

እኔም እሳቸውም ሐሳባችንን አልቀየርንም። እኔ ዛሬም አዋጁ ለእናቴ ዓይነት ሰዎች እስትንፋስ ነበር እላለሁ። አዲስ አበባ መሃል ከተማ ላይ ስንት ድሃ ቤተሰብ በቀበሌ ቤት ልጆቹን አሳደገ። እሳቸው ደግሞ እስኪሞቱ ግፍ ነው አሉ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እኔ «ትርፍ ቤት» የሚለውን ቃል እሳቸው ፊት አላወጣሁም። ደግሞ ከእሳቸው የተማርኩት ነገር በአስተሳሰቤ ውስጥ ገባ፤ ኪራይ ሲወሰን ጣሪያውን ማን ያድሳል ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። የአንቺን አዋጅ ስደግፍም ይህ ጥያቄ አይለቀኝም። የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ከጠፋ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የአንቺ ታናናሾች የት ይከራያሉ? ለዚህ መልስ ካለሽ በእውነት መስማት እፈልጋለሁ።

አጎትሽ የእኚያ ሰውዬ ልጅ ነው። ቤቶቹ ሲወሰዱ አሥር ዓመቱ ነበር። ዛሬ ግቢው ውስጥ የሠራቸውን አራት ሰርቪስ ቤቶች «መንግሥት ኪራይህን ይወስንልሃል» ሲሉት ምን እንደሚሰማው አስቢው። አንቺ ሁለት ዓመት የሚል ውል ነው የምታዪው። እሱ ሐምሌ 19ን ነው የሚያየው። ምናልባት ተሳስቷል፤ ይህኛው አዋጅ ቤት አይወርስም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይህን ልታስረጂው የምትችዪው ግን መጀመሪያ የፈራውን ነገር ካወቅሽ ነው።

እሱም የአንቺን አያውቅም። ከደመወዝሽ ስንቱ ለኪራይ እንደሚሄድ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ባለፈው ዓመት በአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ውጪ ተብለሽ ዕቃሽን ጓደኛሽ ጋ ያሳደርሽውን? ለእኛ እንኳ የነገርሽን ከወር በኋላ ነው። ግሩፑ ላይ አንቀጽ ጠቀስሽለት እንጂ ይህን አልነገርሽውም።

ክርክር አገራችን ላይ አዲስ አይደለም። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ቋጥረው ቁራኛ ሆነው ነበር ወደ ዳኛ የሚሄዱት። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰውም ዳኛ ያደርጉት ነበር። አስቢው፣ ከባላጋራሽ ጋር ተቋጥረሽ ስትሄጂ እሱ ሲደክመው አንቺም ትቆሚያለሽ። ብሎክ ማድረግ አይቻልም። ጠብ ሲነሳ ደግሞ አንዱ «በሕግ አምላክ» ይላል። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። አያቴ ልጆች ስንደባደብ ይህን ስትል በእውነት እንቆም ነበር፤ ምን እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ።

በኔ ዕድሜ ክርክር አብቦ ያየሁት በ1997ቱ ምርጫ ነው። ሻይ ቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ይሁን ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ እንደዚያ ነው። ተቃዋሚው ቅንጅት የግል ይሁን ይላል። የእናትሽ አባት በሕይወት ነበሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እናዳምጥ ነበር፤ እኔ ለአንዱ ራሴን ስነቀንቅ፣ እሳቸው ለሌላው። በዚያን ሰሞን ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተከራክሮ ቡና አብሮ ይጠጣ ነበር። ከምርጫው በኋላ ደም ፈሰሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን መዝግቧል። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤቱ ውስጥ ስለ መሬት የሚያወራ ሰው ለብዙ ጊዜ ጠፋ። የጠፋው ልዩነቱ አልነበረም። ልዩነቱ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው ስድብ ግማሹ ያኔ ሳይነገር የቀረ ነገር ይመስለኛል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ከግሩፕ ሲወጣ የሚያስፈራኝ፣ ያውም ከገዛ ቤታችን።

ስለዚህ የምለምንሽ እንዲህ ነው። ስለ ጾሙ ያልሽውን ይቅርታ ጠይቂው። ስለ አዋጁ ግን አትጠይቂ፣ እሱ የምታምኚበት ነው። ቤቱ ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ፋሲካ እስኪደርስም አትጠብቂ፤ ጾሙ ሳይፈታ ሂጂ፣ ሚስቱ ሽሮ ታቀርብልሻለች። ኪራይሽን፣ ደመወዝሽን፣ ያሳደርሽውን ዕቃ ንገሪው። ከዚያ የሲሚንቶውን ጥያቄ መልሺለት። ካልቻልሽም አልቻልኩም በዪው፣ እሱ እንዲህ ሲባል ደስ የሚለው ሰው ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት ልኬልሻለሁ። አንዱ ከእናቴ ዳዊት ውስጥ ያወጣሁት የስድስት ብር ደረሰኝ ነው። አደራ፣ እንዳይጠፋ። ሁለተኛው የእናትሽ አባት ቤቶቻቸውን ያስረከቡበት ወረቀት ነው፣ እናትሽ ሣጥኗ ውስጥ ነበር። አጎትሽ እስከ ዛሬ አላየውም። ሁለቱንም ይዘሽለት ሂጂ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ከዚያ ያን ቀን ቤታቸው ምን እንደተባለ፣ አባቱ ምን እንዳሉ ጠይቂውና ጽፈሽ ላኪልኝ። እናትሽ በዚያን ጊዜ ሕፃን ስለነበረች አታስታውስም። እኔ የማውቀው የእኛን ቤት ወገን ብቻ ነው።

አባትሽ
ከደሴ