ደብዳቤ ለልጄ፦ ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳታየው ቀብድ እንዳትሰጥ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ብርዱ ሲለቅ ተሽሎኛል።

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። እቁብ ወጥቶልሃል። ቪትዝ ልትገዛ ነው። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ብሎሃል፣ ቅዳሜ ቀብድ ልትሰጥ ተስማምተሃል። ለእቁቡ እልል ብያለሁ። የቅዳሜው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳታየው ቀብድ እንዳትሰጥ።

ያ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ አንተ ገና ዳዴ ትል ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም መፍቻ አልደረሰበትም ቢሉህ እንዴት ታምናለህ? ደግሞ መነካቱ ነውር አይደለም። አባትህ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲያወርድ ነው የኖረው፤ እናንተም በዚያ እንጀራ ነው ያደጋችሁት። እኔን የሚያስፈራኝ የተደበቀው ነው። ማን ፈታው? ለምን ፈታው? ምን ገባበት? ይህን አፍ ሞልቶ የሚመልስልህ ባለቤት ካገኘህ፣ ሞተሩ ወርዶ የተሠራ ቢሆንም ግዛው።

የአባትህን ደብተር ታስታውሳለህ፤ ጽሕፈቱ የኔ ነው። እጁ ዘይት ስለሆነ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ የላይ ክዳን ተላገ፣ ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት ተቀየረ፣ ብሮንዚን የሚሉት የዘንግ ማረፊያ ስንት ገባ። ከአሰብ ጭነው የሚመጡት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሾፌሮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ደብተር ነበር። ሞተር የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ የማውቀው የተጻፈውን ነው። ግን ያንን ሁሉ ዓመት ስጽፍ ጆሮዬ ብዙ ነገር ሰምቷል።

የአጎትህን ሚኒባስ ነገር በደንብ አልነገርንህም። ልጅ ነበርክ። አባትህ ታሞ በተኛበት ሰሞን ነው አዲስ አበባ ወርዶ የገዛው። «ሞተሩ አልተነካም» አሉት፣ ልክ እንዳንተ። ሲደርስ መኪናው ተነስቶ ሞቆ ነበር የጠበቀው፤ ድምፁ ጸጥ ያለ፣ ሞተሩ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ። ኮምቦልቻ ድረስ በሰላም መጣ። በማግስቱ ሰው ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ ሃረጎ ዳገት ላይ አሞቀ። በእንፋሎት ታፍኖ ቆመ።

አባትህ ከአልጋው ተነስቶ ነው የፈታው። ቴስታታው ሲነሳ ከሥሩ ሁለት ጓርኒሲዮን፣ ያ በቴስታታውና በብሎኩ መሃል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ተደራርቦ ወጣ። ቴስታታው ደጋግሞ እያሞቀ ሲጣመም ቶርኖ ቤት እየተላገ ሳስቷል፤ መሳሳቱን ለመሸፈን ነው ሁለት የደረቡበት። ከአራቱ ፒስተኖች ደግሞ አንዱ ብቻ አናቱ ላይ 0.50 የሚል ቁጥር ነበረው። አንዷን ሲሊንደር ለብቻዋ አስፍተው ሌሎቹን ትተዋቸዋል ማለት ነው። አባትህ ፒስተኑን በጨርቅ ጠርጎ ለአጎትህ አሳየው። ምንም አልተናገረም። አጎትህ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው ጅዳ የሄደው። ሲመለስ አባትህ ተቀብሮ፣ ለቅሶው አልፎ ነበር የጠበቀው። ወንድማማቾቹ ሳይተያዩ ቀሩ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳታየው ቀብድ እንዳትሰጥ የምልህ። ነገሩን እያጋነንኩ አይምሰልህ።

አሁን የምልህን አድርግ። ጠዋት በማለዳ ሂድ፣ ሞተሩ ሳይነሳ አድሮ። ስትደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ንካ። ለብ ካለ ሰላም ብለህ ተመለስ፣ ሌላ ቀን ትመጣለህ። የራዲያተሩን ክዳን የምትከፍተውም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ሲሞቅ ከከፈትከው ፊትህን ያቃጥልሃል። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር ከተጋገረ ውሃና ዘይቱ ተገናኝተው ይሆናል። ሲነሳ ከኋላ ቁም። ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የባልቦላ (የቫልቭ) ጎማ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ አያስፈራም። ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር የሚከተልህ ከሆነ ግን ፋሻው አልቋል።

ታጥቦ ያበራ ሞተር አያስደስትህ። የት እንደሚያፈስ የሚናገረው ቆሻሻው ነው፣ እሱን ላቫጆ አጥቦ ወስዶታል። ኮፓው፣ ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ከሞተሩ የሚገናኝበትን መስመር በስልክህ መብራት እየው። ፋብሪካ የቀባው ቀጭንና እኩል ነው፤ በእጅ የተቀባ ሲሊኮን ግን እዚህም እዚያም ወጥቶ ይደርቃል። ብሎኖቹንም እያቸው። ጠርዛቸው ተልጦ ካበራ ሰው ፈቷቸዋል። ያኔ አትጣላ። «መቼ ወረደ? የት ተሠራ? ደረሰኙ አለ?» ብለህ ብቻ ጠይቅ። የባለቤቱ ፊት ይነግርሃል።

የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ ደላላው ያመጣልህን አይደለም። ካንዴላዎቹን አስፈትተህ ኮምፕሬሽን፣ ማለት የየሲሊንደሩን ግፊት፣ አስለካ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ንባቡ የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ይላል፤ በዚያ አትደንግጥ። ዋናው የአራቱ መቀራረብ ነው። ከትልቁ እስከ ትንሹ ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ፣ ዝቅ ያለው ላይ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ይለካው። ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ባልቦላው ወይም ጓርኒሲዮኑ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። በካንዴላው ቀዳዳ የምትገባ ትንሽ ካሜራ ያለው ከሆነ የፒስተኑን አናት ያሳይህ። ቁጥር ካለበት አንብበው።

ብሎኩ ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያይ። አንዲት ፊደል ብትለይ ተወው።

አውቃለሁ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ያሉት መኪኖች ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። «ዛሬ ካልያዝከው ነገ የለም» የሚልህም ለዚህ ነው። ይሂድ። አንተ ትበልጥብኛለህ፣ የኔ ጌታ። ሥራህንም መኪናው ስምህ ላይ ሳይዞር እንዳትለቅ።

ቅቤና በሶ በእህትህ ልኬልሃለሁ። ቅቤውን ፍሪጅ ውስጥ አድርገው፣ እንዳለፈው ጊዜ እንዳይበላሽ። እራትህን ሳትበላ አትተኛ።

ቅዳሜ ቀብድ የለም። ደላላውን ዛሬውኑ ደውለህ ለእሁድ ማለዳ ቅጠረው። የሞተር ቁጥሩንና የሊብሬውን ፎቶ በቴሌግራም ላክልኝ፤ ከቅዳሴ መልስ ከአባትህ የድሮ ረዳት ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን።

እናትህ