ባለአደራው «ውድቅ» ስላለ ብቻ ገንዘባችሁን አትተዉ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከእኛ ዕቃ በዱቤ ይወስድ የነበረ ድርጅት ከሰረ። እኛም እንደ ሌሎቹ ባለገንዘቦች (ድርጅቱ ዕዳ እንዳለበት ሰዎች)፣ ንብረቱን እንዲያጣራ ለተሾመው ባለአደራ ያለንን ቀሪ ሂሳብ ጽፈን አስገባን። ከወራት በኋላ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። «በቂ ማስረጃ ስላልቀረበ ጥያቄዎ ውድቅ ተደርጓል» ይላል። የትኛው ማስረጃ እንደጎደለ አይናገርም። የመቃወሚያው ጊዜ ደግሞ ከፊርማው በታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እኔም የፍርድ ቤት ውሳኔ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ፍርድ አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ባለአደራው ዳኛ አይደለም። ሥራው ንብረቱን ሰብስቦ ለባለገንዘቦች ማከፋፈል ነው፤ የሌለ ዕዳ ከገባ የሁላችንም ድርሻ ስለሚያንስ እያንዳንዱን ጥያቄ የመመርመር ግዴታ አለበት፣ በዚህ አልወቅሰውም። ግን ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔውን ማስለወጥ ይቻላል።

የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለፍርድ ቤት ለማመልከት 21 ቀን ይሰጣል፣ በአውስትራሊያም በግለሰብ ኪሳራ እንደዚያው። በካናዳ 30 ቀን ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ደብዳቤው ምን እንደሚል እስኪገባችሁ፣ ጠበቃ እስክትፈልጉ፣ የድሮ ሰነድ እስክታገላብጡ ድረስ እልም ይላል። እኔ አንድ ወዳጄ ደብዳቤውን አይቶ «ቀኑን ቆጥረሃል?» ባይለኝ ኖሮ አልፎኝ ነበር። የቀረኝ አራት ቀን ነበር።

ደግሞ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር። ለባለአደራው ተጨማሪ ሰነድ ልኬ መልሱን ልጠብቅ አሰብኩ። ያማከርኳት ጠበቃ ግን «ላክለት፣ ነገር ግን ከእሱ ጋር ስለተጻጻፍክ ቀኑ አይቆምልህም» አለችኝ። ሁለቱንም ባንድ ላይ አደረግን፤ ማመልከቻው ፍርድ ቤት ገባ፣ ሰነዶቹም ለባለአደራው ተላኩ። የጎደለው የዕቃ ማስረከቢያው ነበር። እኛ የላክነው የራሳችንን የሂሳብ መጠየቂያ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ዕቃው መድረሱን አያሳይም። የደንበኛው ንብረት ክፍል ሠራተኛ የፈረመባቸውን ወረቀቶች ሲያይ ባለአደራው አብዛኛውን ተቀበለ። ክርክር እንኳ አልደረስንም።

ሁሉም ሰው ይክሰስ እያልኩ አይደለም። መያዣ የሌለው ባለገንዘብ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከዕዳው ትንሽ ክፍል ነው። ድርሻው 10 በመቶ ከሆነ፣ 100 ሺህ ተከራክራችሁ ብታሸንፉ እጃችሁ የሚገባው 10 ሺህ ነው። ስለዚህ የጠበቃ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት «ለእኛ በግምት ስንት በመቶ ይደርሰናል?» ብላችሁ ባለአደራውን በጽሑፍ ጠይቁት።

ከባለአደራዎች የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ስትጥሉብን የትኛው ሰነድ እንደጎደለ በስሙ ጻፉልን። የመቃወሚያውንም የመጨረሻ ቀን «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ» ብላችሁ ሳይሆን ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ጠርታችሁ ከደብዳቤው አናት ላይ አስቀምጡልን።

አንባቢያችሁ