“ዘበኛው” ስም አላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የኪነ ጥበብ ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ፤ እኔ ጋ እስኪደርስ ሦስት ደንበኛ አንብቦት፣ አንዱ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጦበት ነው፣ ግን አነባለሁ። ዛሬ የመጣሁት ለወቀሳ ነው። ምስጋናም አለኝ፣ ካልረሳሁት መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ።

ስለ ተዋናይ ስትጽፉ የምታውቁት ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ፖስተሩ ላይ ፊቱ የገዘፈው ወጣት ነው። ሌላው የታመመ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ አባት፣ ዘበኛ፣ ዳኛ፣ የሠፈር ሽማግሌ፣ ነገረኛ ጎረቤት እየሆነ የኖረ ሰው እናንተ ገጽ ላይ የሚወጣው ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፎለት ነው። ያኔ ደግሞ ስለ ኩላሊቱ እንጂ ስለ ሥራው አንድ መስመር የለም። “በበርካታ ፊልሞችና ቴአትሮች ላይ የተወነው አንጋፋው አርቲስት” ብላችሁ ታልፉታላችሁ። በርካታ ማለት ስንት ነው? የትኞቹ?

ነገሩ ያንገበገበኝ በአንድ ደንበኛዬ ምክንያት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፣ “መጀመሪያ የሌሎቹን ይጻፉ” ብለው። ስለዚህ ጋሼ ልበላቸው፣ ሱቄም ውስጥ የምጠራቸው እንደዚያው ነው። ስሙ ቢነገራችሁ አታውቁትም፤ ፊታቸውን ብታዩ ግን “እንዴ፣ እኚህን ሰውዬ የት ነው የማውቃቸው?” ትላላችሁ። ባጃጅ ሹፌሮች እንደዚያ ነው የሚሏቸው። አንዱማ ዘመዱ መስለውት ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ነበር።

ጋሼ እኔ ጋ የሚመጡት ስክሪፕት ለማሳተም ነው። በቴሌግራም ይልኩላቸዋል። ስልካቸውን ይሰጡኝና “ያቺን ነገር አውጪልኝ፣ ፊደሉን ወፈር አድርጊው” ይሉኛል። 18 አደርገዋለሁ። አንድ ጊዜ የመጣው ስክሪፕት በዚያ ፊደል ከ100 ገጽ በላይ ሆነ። አየሁት፣ የሳቸው ቃለ ተውኔት አራት መስመር ነው። “ጋሼ፣ የርስዎን ገጽ ብቻ ላትምልዎት፣ ብርም ይተርፍዎታል” አልኳቸው። “ሁሉንም” አሉኝ። በቃ፣ አንድ ቃል።

ከዚያ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው በቀይ እስክሪብቶ ማስመር ጀመሩ። ሰረቅ አድርጌ ሳይ የሚያሰምሩት የሳቸውን ሳይሆን የሌሎቹን ንግግር ነው። ተሳስተው መሰለኝ። ነገርኳቸው። “የኔንማ አውቀዋለሁ የኔ ልጅ፣ አራት መስመር ነው። እኔ የምፈልገው እሷ ምን ስትለኝ እንደምደነግጥ ነው” አሉኝ።

ፊልሙ ሲወጣ አየሁት። ዘበኛ ናቸው። የሀብታሙ ልጅ ሊነጋ ሲል ወደ ቤት ትመጣለች፣ በሩን ይከፍቱላታል። ስክሪፕቱ ላይ ያለው “ዘበኛው በር ይከፍታል” ነው፣ እኔው ነኝ ያተምኩት። እሳቸው ምን አደረጉ? ቁልፉ ሁለቴ አመለጣቸው። ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። ልጅቷን ፊቷን አላዩዋትም፤ ያዩት በእጇ የያዘችውን ጫማ ነው። ከዚያ ዞር አሉላት። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ “ውይ” አለች። ልጅቷ ገና አፏን አልከፈተችም እኮ!

በነጋታው ጠየቅኳቸው። ለምን ጫማዋን አዩ? “የሰው ቤት ዘበኛ በዚያ ሰዓት የጌታውን ልጅ ፊት አያይም። ካየ ነገ ይጠየቃል” አሉኝ።

እና የዚህን ሰው ስም ማን አየው? ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ቦግ ይላል፣ ሰው ወንበሩን እያንኳኳ ይወጣል። ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ደግሞ የስም ዝርዝሩ ሁለት ሰከንድ እንደሄደ የሳሙና ማስታወቂያ ይገባበታል። ጋሼ ለቤተሰባቸው ሊያሳዩ ተቀምጠው ስማቸው ጋ ሳይደርስ ተቆረጠ። ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

አጀማመራቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን የነበረ ጊዜ፣ አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል (እናቴ እስካሁን ናዝሬት ነው የምትለው፣ ስሙ ከተመለሰ ስንት ዓመቱ)፣ ጋሼ በቁመታቸውና በድምፃቸው ምክንያት ሁሌ የሚሰጣቸው አንድ ካራክተር ነው፦ ፊውዳሉ። አባታቸው ባቡር ጣቢያ ሸክም የሚሠሩ ደሃ ሰው ናቸው፣ ልጅየው ደግሞ በየሳምንቱ ገበሬ የሚገርፍ ባላባት! የሠፈር ልጆች “አድሃሪ!” እያሉ ድንጋይ ይወረውሩባቸው ነበር። አንዴ ግንባራቸውን ፈነከቷቸው። ጠባሳው አለ፣ ሜካፕ የምትሠራላቸው ልጅ ሁሌ ልትሸፍነው ስትል “ተይው፣ በላብ የመጣ ነው” ይሏታል።

ከዚያ በኋላ የመንግሥት ሥራ ያዙ፣ ጡረታ ወጡ። የአማርኛ ፊልም በሽ በሽ ሲል በዶልፊን አዲስ አበባ እየተመላለሱ መቅረጽ ጀመሩ። ለአንድ ትዕይንት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ይሄዱና ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ ውለው፣ መሪዋ ተዋናይት አረፈደች ተብሎ ሳይቀረጹ ይመለሳሉ። አንድ ፕሮዲውሰር ቀሪ ክፍያህን ፊልሙ ሲመረቅ ብሎ ይኸው አምስት ዓመቱ። ፊልሙ ተመርቋል፣ ኬክም ተቆርጧል። ስለዚህ ብዙ አልልም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን እናንተ “የአንድ ዘበኛ ታሪክ ምኑ ዜና ነው?” ትሉ ይሆናል። እሺ፣ የታወቁትን እንውሰድ።

አባባ ተስፋዬን ሁላችንም እናውቃለን። 42 ዓመት በቴሌቪዥን ተረት ነግረው አሳድገውናል፣ “የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች” እያሉ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰ። ግን ከዚያ ሁሉ በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ኮሪያ ድረስ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። እስቲ አስቡት፣ አንድ ወንድ ነጠላ አጣፍቶ ወጥቶ፣ ሽቅርቅር ብሎ፣ ተመልካቹ ሴት ናት ብሎ እስኪያምን መጫወት። ያ ሙያ ነው! እንዴት አድርገው ተራመዱ? ድምፃቸውን የት አሳነሱ? ይሄን ቁጭ ብሎ በዝርዝር የጠየቃቸው ጋዜጣ ካለ አሳዩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ያነበብኳቸው ቃለ ምልልሶች ስለ ተረቱ ብቻ ናቸው።

ወጋየሁ ንጋቱም አለ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በሬዲዮ ሲተርክ እናቴ ሽሮ እያማሰለች ትሰማ ነበር፣ እና አንድ ቀን “ስንት ሰው ነው የሚያነበው?” ብላ ጠየቀች። አንድ ነው ሲሏት አላመነችም። ፊታውራሪ መሸሻም እሱ ነው፣ ጉዱ ካሣም እሱ ነው፣ ሰብለ ወንጌልም እሱ ነው። ለኔ መሪና አጃቢ ተዋናይ የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ነው የፈረሰው። አንድ መስመር ብቻ የሚናገር አሽከር ሲመጣ እንኳ የራሱ ጉሮሮ አለው። አሽከሩን ቢያበላሸው ፊታውራሪውም ይበላሹ ነበር።

ደበበ እሸቱን ደግሞ በፈረንጆቹ 1973 በወጣው ሻፍት ኢን አፍሪካ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ዋሳ የሚባለውን ሰው ሆኖ። እዚያ ፊልም ላይ ኮከቡ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፣ ፖስተሩም የሱ ነው። የኛው ሰው በሆሊውድ ፊልም ላይ ከጎን ገብቶ ነው የሠራው። እኛ ግን “ከሻፍት ጋር የተወነ” እያልን ሃምሳ ዓመት ስናወራ ከረምን። አያችሁ፣ የጎን ተዋናይ ውጭ አገር ሲሆን ኩራት ነው፣ እዚህ ሲሆን “ዘበኛው” ነው።

ፍቃዱ ተክለማርያምን ሳስብ ደግሞ እናደዳለሁ። አፄ ቴዎድሮስን ሆኖ መድረክ ያንቀጠቀጠ ሰው፣ ያ ድምፅ፣ በመጨረሻው ዓመት ጋዜጣውም ሬዲዮውም የሚያወራው ለኩላሊቱ ስለሚዋጣው ገንዘብ ነበር። ማዋጣቱ ደግ ነው፣ እኔም የአቅሜን አድርጌያለሁ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አረፈ። በሳምንቱ ስለ ሥራው ትንሽ ተጻፈ፣ ከዚያ ዝም።

ሰው የሚያየው መሪውን ነው የሚል መልስ እንዳትሰጡኝ። ባለቤቴም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ውሸት ነው! ሰው ለሰው ድራማን አስታውሱ። ከተማው ሁሉ ሲያወራ የነበረው ስለ አስናቀ ነው፣ አበበ ባልቻ ስለተጫወተው ክፉ ሰውዬ። እዚህ አዳማ ድራማው ሲጀምር መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ በነጋታው ሱቄ ውስጥ አስናቀን እየረገመ ፎቶ ኮፒ የማያስደርግ አልነበረም። ሕዝቡ ካራክተር ያውቃል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የቴአትሩ ቤት ሰዎችማ ከዚህም የባሰ ተረስተዋል። የብሔራዊ ቴአትርና የሀገር ፍቅር ተዋናዮች ደመወዝተኛ ናቸው፣ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመት ጡረታ። ተውኔት ደግሞ እንደ ፊልም አንዴ ተቀርጾ አያልቅም። ባቢሎን በሳሎን ከአሥር ዓመት በላይ መድረክ ላይ ቆይቷል። በየሳምንቱ ያቺኑ በር ከፍቶ መግባት፣ ያቺኑ ቃል እንደ አዲስ ማለት፣ ልጅ ታሞም፣ ለቅሶ ውሎም፣ ኪስ ባዶ ሆኖም። ሲጨረስ ደግሞ የሚቀር ነገር የለም፣ ቪዲዮም ብዙ ጊዜ የለም። የሚቀረው እናንተ የምትጽፉት ነው። ካልጻፋችሁት ያ ሰው ሥራ እንደሌለው ሆኖ ነው የሚያልፈው።

የጉማ የፊልም ሽልማት ቢያንስ ለረዳት ተዋናይ ዘርፍ አለው። እናንተ አንድ ዓምድ ያቅታችኋል? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ሰው፣ ግማሽ ገጽ። በሽታ የለ፣ ልቅሶ የለ፣ “የሕይወት ውጣ ውረድ” የለ። ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ሥራው ብቻ ጠይቁት። ዳኛ ስትሆን መነጽሩን ለምን አወለቅክ? ሰካራም ስትሆን ማንን አይተህ ነው? ከሥሩ ደግሞ የተጫወተው ሁሉ ይዘርዘር፣ ከነዓመቱ፣ ከነካራክተሩ ስም። ስም የሌለው ካራክተር ከሆነም “ዘበኛ” ተብሎ ይጻፍ፣ ግን ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትንም አትርሱ። አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ትደርሳላችሁ። ከመጣችሁ ቡናው በኔ ነው።

እስከዚያው እኔ ጀምሬያለሁ። ለሒሳብ የገዛሁት ደብተር ላይ የጋሼን እየጻፍኩ ነው። እሳቸው ዱካዋ ላይ ሆነው ይነግሩኛል፣ እኔ በደንበኛ መሃል እመዘግባለሁ። ፊውዳል፣ ስድስት ጊዜ። የሙሽራ አባት፣ አራት። ዳኛ፣ ዘጠኝ (“ፊቴ ፍርድ ቤት ይመስላል መሰለኝ” ይላሉ)። ሐኪም አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም ጋውኑ ጠቧቸው ከወገብ በላይ ነው የተቀረጹት። 57 ላይ ደርሰን አልቋል ብለን ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ደብዳቤውን እየጻፍኩ ባጃጅ ውስጥ ሆነው ደወሉልኝ። ነፋሱ ያስቸግራል፣ ግማሹ አይሰማም። “አንዱን ረስተነዋል! የጋራዥ ባለቤት ሆኜ ነበር፣ ያ ዘይት የተደፋብኝ ጊዜ። ጻፊው!” አሉኝ። ዓመተ ምህረቱን ስጠይቃቸው መስመሩ ተቋረጠ። 58 ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ዓመቱን ባዶ ትቼ።

ምስጋናዬን ልረሳው ነበር፦ የጋዜጣውን ፊደል ስላተለቃችሁት እግዜር ይስጥልኝ፤ ጋሼ አሁን ያለ መነጽር ነው የሚያነቡት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ