ለምለም በስንት ውሃ?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ለምለምን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት» ይላል። ለምለም በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካው ዱቄት (ORS) ነው። በስንት ውሃ? ዋናው ነገር ተዘልሏል።

የተለመደው ፓኬት 20.5 ግራም ሲሆን ልኩ ለ1 ሊትር ነው። 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ የቀረው ሲትሬትና ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ውሃን ወዲያና ወዲህ የሚስበው የሟሟው ነገር ክብደት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። ግሉኮስ ሲሟሟ ስለማይከፈል 13.5 ግራሙ 75 ሚሊሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ ነው) ብቻ ነው፤ ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ስለሚለያይ ያቺ 2.6 ግራም 89 ገደማ ትደርሳለች። ሁሉም ሲደመር በሊትር 245 ሚሊሞል ቅንጣት ይመጣል። የደም 290 አካባቢ ነው። ከደም ቀጠን እንዲል የተደረገው ታስቦበት ነው፦ ግሉኮሱ ሶዲየሙን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ያልፋል፣ ውሃውም ይከተላል።

ያው ፓኬት በግማሽ ሊትር ሲበጠበጥ 490፣ በ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ከ800 በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ጉዞው ይገለበጣል። ውሃ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ የደም ሶዲየም ይንራል፣ ተቅማጡ ይብሳል። እናትም «ለምለሙ አስቀመጠው» ብላ ታቆማለች፤ ጥፋቱ ግን የጠርሙሱ ነው።

እንዲጣፍጥ ስኳር መጨመርም ያው ነው። ስኳር አንጀት ውስጥ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 8 ግራም ገደማ ቢጨመር፣ 245 የነበረው ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ግማሹን ፓኬት ለነገ ማስቀመጥ ቁጠባ ይመስላል። ዱቄቱ ግን እኩል የተደባለቀ ላይሆን ስለሚችል አንዱ ግማሽ ጨው ሊበዛበት ይችላል። ሙሉውን በጥብጦ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን መድፋት ነው። ውሃው ቀድሞ ይፈላና ሲቀዘቅዝ ይበጠበጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከፈላ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል።

መለኪያ ከሌለ ግማሽ ሊትር የተጻፈበት የሃይላንድ ጠርሙስ ሁለቴ ሞልቶ መገልበጥ ይበቃል። ለ500 ሚሊ ሊትር የተሠራ ፓኬትም ስላለ መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበብ። በሚቀጥለው እትማችሁ ይህችን የውሃ ልክ ብትጨምሩልን።