የሥዕል ክበብ፦ የተዋስነውን የጻፍንበት ዓመት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የሥዕል ክበብ ዘንድሮ 14 ልጆች ነበሩት። ሁሉም ኮሚክስ ስለሚወዱ ዓመቱን የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የሮይ ሊክተንስታይንን ሥራዎች ስናጠና ከረምን። ዋሽንግተን አጠገብ መኖራችን ጠቀመን፤ የናሽናል ጋለሪ የሥዕል ሙዚየም መግቢያ በነጻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የሣለው «ሉክ ሚኪ» ፊት ስንቆም ልጆቹ ሳቁ። የካርቱኑ ዳክዬ ዶናልድ ዳክ ትልቅ ዓሣ የያዘ መስሎት ይጮኻል፤ መንጠቆው የያዘው ግን የገዛ ልብሱን ነው። የካርቱኑ አይጥ ሚኪ ሳቁን በእጁ አፍኗል። ቀረብ ብለን ስናይ የሚኪ ፊት በጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች የተሞላ ነው። ማተሚያ ቤቶች በርካሽ ኅትመት ላይ ቀለም የሚያሳሱባቸውን ነጠብጣቦች ሊክተንስታይን በእጁ ሠራቸው። እኛም የእርሳስ ላጲስ ቀለም ውስጥ እየነከርን ሞከርን። ቀለሙ በዝቶ ተጨማለቀብን፤ ወፍራም ወረቀት በስተን በቀዳዳው ስንቀባ ግን ተሳካ።

አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ኩረጃ ነው!» አለኝ። ክርክሩ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። እ.ኤ.አ. የ1963ቱን የሊክተንስታይን ሥዕል «ድራውኒንግ ገርል» (የምትሰጥም ልጅ) እና የኮሚክስ ሠዓሊው ቶኒ አብሩዞ ለአሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ የሣለውን መነሻ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። በመነሻው ከልጅቷ ኋላ የተገለበጠች ጀልባ የያዘ ወጣት አለ፤ ሊክተንስታይን እሱን አውጥቶ ልጅቷንና ማዕበሉን ብቻ አስቀረ። ሥዕሉ ላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ የወጣቱን ስም ሳይቀር ከማል ወደ ብራድ ለውጦታል። ማዕበሉ ደግሞ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን ማዕበል ያስታውሳል። ኋላ ላይ የታዋቂዎቹን ሠዓሊዎች የሞኔን ካቴድራልና የቫን ጎግን መኝታ ክፍልም በራሱ መንገድ መልሶ ሣላቸው። ለእኔ ይህ ኩረጃ አይደለም፤ ዓይንና ድካም የጠየቀ ሥራ ነው። ሆኖም የሞኔን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ በገጽ እየተከፈለው ይሠራ የነበረው አብሩዞ ግን ስሙ ሸራው ላይ የለም። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ ለልጆቹም አልደበቅኳቸውም።

ስለዚህ ለሰኔው ዐውደ ርእይ ሁሉም ከሥዕሉ ሥር ከማን እንደተዋሰ እንዲጽፍ ተስማማን። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ቡና ሲቀዱ ሣለቻቸው፤ ትልልቆቹን ዓይኖች የወሰደችው ከጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት ነው። የንግግሩን አረፋ እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜ ባዶ ትታው ነበር። ኋላ አያቷ ጋ ደውላ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀቻቸው። አረፋው ውስጥ «ኑ፣ ቡና ጠጡ!» ተጻፈ። ከሥሩም፦ «ዓይኖቹ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ነጠብጣቡ ከሊክተንስታይን፣ ቃሉ ከእማማ።»