የመቂው ፓምፕ

እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። 4 ዓመት ዝም ማለቴን ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አልሸፋፍነውም፤ ለአባትሽ ለቅሶ አለመድረሴ አሳፍሮኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ።

አሁንም የማጠናው የአብያታን ሐይቅ ነው። ተማሪዎች ሳለን ፍላሚንጎ ያየንበት ዳር ትዝ ይልሻል? ባለፈው ወር ከዚያው ቦታ ተነሥቼ ውሃው ጋ ለመድረስ 40 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ነጭ ጨው የለበሰው መሬት እንደ ድርቆሽ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። የውሃውን ከፍታ የምናነብበት ባለቁጥር ብረት ደረቅ ላይ ተገትሮ ፍየሎች ይታከኩበታል። እንደ ልማዴ ልመዘግብ ደብተሬን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው?» ይሉኛል። ሙቀቱ ድርሻ አለው፤ ከሐይቁ በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ይተናል፣ ዝናብ የሚመልሰው ሲሶውን ያህል ነው። የቀረውን የሚሞላው በዋናነት ከዝዋይ ሐይቅ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ነበር። ዝዋይ ደግሞ ሰፊ ይምሰል እንጂ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥቂት ሲጎድል ቡልቡላ ይነጥፋል። ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ ኖሯል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ሲጎድል ጨዉ ይበረታል። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ጫጩት የሚያሳድጉት ፔሊካኖች ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ነበር፤ ዓሣው ሲያልቅ ርቀው መብረር ግድ ሆነባቸው።

የአበባ እርሻዎችን መውቀስ ይቀላል፤ ብዙ ይቀዳሉም። የትንንሾቹ ፓምፖች ድምር ግን ቀላል አይደለም። ወደ ዝዋይ ከሚገባው ከመቂ ወንዝ የሚስቡትን ስቆጥር የአባትሽን አገኘሁት፤ ያ ቢጫው፣ ገመዱ ሲጎተት ሦስቴ አስነጥሶ የሚነሣው። እኔም ስንት ጊዜ በሱ ውሃ ከበቀለ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ በልቻለሁ! አንቺን ያስተማረሽም እሱ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ሞተር፣ 1» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለቅሶው ያልደረስኩትን ሰው መዝገብ ላይ ማስፈር ከበደኝ። አልሰረዝኩትም ግን።

ለዳግማይ ትንሣኤ መቂ እመጣለሁ። ለእማማ ንገሪልኝ፤ መጀመሪያ ይቆጡኝ፣ ከዚያ ቡና ይፈላል። ፓምፑን አሁን ማን ያስነሣዋል?

ያንቺው